ልጅቷ ከጉድጓዱ ወጥታለች

ሲኒማ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ ይህች ሴት አለች። ከተማው ትንሽ ከሆነ አንድ እሷ ትበቃዋለች፤ ትልቅ ከሆነ ለየአዳራሹ አንዳንድ ትደርሰዋለች። መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ አፉን ሲዘጋ እሷ ትከፍታለች። ገና ስሙ እንኳ ያልተነገረውን ሰውዬ «ይሄስ ሰው አይመስለኝም» ትለዋለች። ደረጃ የሚወርደውን «ቀስ በል፣ የኔ ልጅ» ትለዋለች። በር ሊከፍት እጁን የዘረጋውን ደግሞ ከመጨረሻው ወንበር እስከ መጀመሪያው በሚሰማ ድምፅ «ተው! ተው ብያለሁ! ኋላ ጉድ ብትሆን እኔ የለሁበትም!» ብላ ታስጠነቅቀዋለች። ሰውዬው ይከፍተዋል። እሷም ወደ ጎኗ ዞር ብላ ለማታውቀው ሰው «አላልኩም?» ትላለች።

እናንተም ታውቋታላችሁ። ከፊታችሁ ተቀምጣ ታውቃለች፣ ከኋላችሁም። «እሽሽ» ብላችኋታል፤ እሷም ሌላ ሰው የተገሠጸ መስሏት አብራችሁ «እሽሽ» ብላለች። እኔ ከእናንተ የምለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እናንተ ፊልሙ ሲያልቅ ትገላገሏታላችሁ። እኔ ግን አብሬያት በአንድ አውቶቡስ ወደ ቤት እሄዳለሁ፤ እህቴ ናትና።

ሙሉ ማዕረጓ «ክብርት እታለም፣ የተዋንያን ሁሉ ሞግዚት፣ የዝግ በሮች ጠባቂ፣ ያልተጠየቀች አማካሪ» ነው። ማዕረጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እሷ አታውቅም። ሥራዋ ልብስ ማስተካከል ነው። ሁለት ሜትር በሦስት በሆነች ክፍል ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት መኪና፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት መጋረጃና የጋዜጣ ክምር አላት። የረዘመ ታሳጥራለች፣ የጠበበ ታሰፋለች፣ የተኳረፈ ዚፕ ታስታርቃለች። ጋዜጣው የኔ ጽሑፍ የሚወጣበት ነው። በየሳምንቱ ትገዛዋለች፤ ታንብበው አታንብበው አላውቅም፣ የልብስ ንድፍ ግን ትቆርጥበታለች። «የዚህ ሳምንቱ ጽሑፍህ ልክ ነበር» ስትለኝ «ለማን?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ለነርሷ ደንበኛዬ። እጅጌዋ ላይ ቁጭ አለ» ትለኛለች።

ሲኒማ ውስጥ ያደረገችውን ሁሉ ብጽፍ ጋዜጣው አይበቃም። የሠርግ ፊልም ላይ ተነሥታ «ሙሽሪት፣ ዚፕሽ!» ያለች እሷ ናት፤ እውነትም ዚፑ ተከፍቶ ነበር፣ ከዳይሬክተሩ ጀምሮ ማንም አላየውም። ባንክ ሊዘርፍ የተሰለፈውን ሰውዬ «ለእናትህ ነው የምነግራት» ብላዋለች። አንድ ጊዜ ማሽኑ ተበላሽቶ አዳራሹ ለአሥር ደቂቃ በጨለማ ሲቀመጥ፣ ሰው እንዳይሰለች ብላ የፊልሙን መጨረሻ ከራሷ አውጥታ ነገረችን። ማሽኑ ተጠግኖ እውነተኛው መጨረሻ ሲታይ ግማሹ ሰው ቅር አለው። የእሷ ይሻል ነበር።

እኔም በዚያ ሁሉ መካከል ፊቴን በፕሮግራሙ ወረቀት ሸፍኜ እቀመጣለሁ። ሰውዬው የፊልም አምደኛ ነዋ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ይህን እዩ፣ ያንን ተዉት» እያልኩ የኖርኩ፣ ትኬት ቆራጩ ሳይቀር ከወንበሩ ብድግ የሚልልኝ ሰው ነኝ። አጠገቤ ደግሞ ከሲኒማው መጋረጃ ጋር የምትጨቃጨቅ ሴት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስል የኖርኩት በእሷ ነው። አሁን እንደምትሰሙት፣ ያፈርኩት ላፍርበት በማይገባኝ ሰው ነበር።

እንግዲህ የሆድን በሆድ ይዞ መኖር ስለሰለቸኝ ልናገረው። አስፈሪ ፊልም ማየት አልችልም። ሙዚቃው ሲወፍር ዓይኔ ራሱ ይጨፈናል። ማስታወቂያውን እንኳ አይቼ አልጨርስም። ነገሩ የጀመረው ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። እናታችን ከሥራ እስክትመለስ እኔን የመጠበቅ ዕጣ የደረሰው አሥራ ስድስት ዓመት ለሞላት እህቴ ነበር። እሷም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈራችን ሲኒማ ትወስደኝና ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታሳየኛለች። የመጀመሪያው ዕለት ከሐይቅ ውስጥ አንድ ነገር ወጣ። ምን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም፣ ምክንያቱም ያኔም ስፌት ትማር ነበርና ጠመኔና የማሽን ዘይት የሚሸት መዳፏ ዓይኔ ላይ አረፈ።

«ምንድነው እታለም?»

«ዋናተኛ ነው።»

«ታዲያ ለምንድነው የሚጮሁት?»

«ውሃው ቀዝቅዟቸው ነው። አሁን ወጥተው ልብሳቸውን እየለበሱ ነው።»

ያን ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ከዚያ በኋላም ጨለማ የበዛበት ፊልም ሁሉ በእሷ አፍ በኩል ነው ወደኔ የደረሰው። ሌላው ሰው በዓይኑ ያየውን እኔ በጆሮዬ ሰማሁት። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ የተረፍኩት ለእህቴ ነው። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ደመወዝ ተቆርጦልኝ፣ ጢሜ መሸበት ጀምሮም ያው ነኝ። እስከ ዘንድሮ ድረስ ደግሞ ማንም አላወቀብኝም፤ ስለ ፍቅርና ስለ ኮሜዲ እየጻፍኩ አመለጥኩ።

ዘንድሮ ግን የከተማው ፊልም ፌስቲቫል «የጨለማ ፊልሞች» የሚል ክፍል ጨመረ። የጋዜጣችን አዘጋጅ፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ እስክሪብቶ የሚፈልግ ሰው፣ ጠራኝና «ሰው መፍራት አምሮታል። አምስት አስፈሪ ፊልም ምረጥና እነዚህን እዩ በል። እስከ ሐሙስ» አለኝ።

ያኔ «አልችልም፣ እፈራለሁ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «ችግር የለም፣ የምወደው ዓይነት ነው። አንድ ረዳት ግን ያስፈልገኛል፣ ማስታወሻ የምትይዝ» አልኩት።

እንዲህ ሆኖ ክብርት እታለም «ረዳት» የሚል ካርድ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ማንጠልጠያው ተጨማዶ ነበርና ተኮሰችው። ሱቋ ውስጥም አድርጋው ዋለች። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ሰው ሁሉ «ዛሬ ቶሎ ልጨርስልህ፣ ነገ ፊልም ሥራ ላይ ነኝ» ስትለው ሰነበተች።

ለጋዜጠኞች ብቻ የሚታየው በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር። አሠራራችን ቀላል ነው። ሙዚቃው እስኪወፍር ሁለታችንም እናያለን። ሲወፍር እኔ እጨፍናለሁ፣ እሷ ጆሮዬ ሥር ትነግረኛለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጽፋለሁ። ማስታወሻዬን ብታዩት መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ የሥዕል ትምህርት ይመስላል።

የመጀመሪያው ፊልም «ትርፍ በር» ይባላል። አንድ ቤተሰብ ቤት ይከራያል፤ በየማለዳው ቤቱ ውስጥ አንድ በር ይጨምራል። አባትየው አዲሱን በር ሊከፍት ሲሄድ እታለም እንደ ልማዷ «ተው ብያለሁ!» አለችው፣ ሙዚቃው ወፈረ፣ ጨፈንኩ።

«ምን አለ ውስጡ?»

«ቁም ሣጥን ነው። ካፖርት ተሰቅሏል። ገበሩ ሐር ነው።»

«ለምን ይጮኻል ታዲያ?»

«የጠፋበት ካፖርት ነዋ! አገኘው።»

ሁለተኛው «ዝምተኛው ተሳፋሪ» ነው። የመጨረሻ ፌርማታ ላይ አልወርድም ስላለ ሰውና ስለ አውቶቡስ ሹፌሩ ነው። እሱንም በእታለም በኩል አየሁት፤ ተሳፋሪው መጨረሻ ላይ ወረደ፣ ሹፌሩም አብሮት ወረደ፣ ጓደኛ ሆኑ። ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ሰምቼ ብጠይቃት «በርዷቸው ነው፣ ውሃ እየጠጡ ነው» አለችኝ። በእታለም ትረካ ውስጥ ሰው ሲጨንቀው ሁሉ ውሃ ይጠጣል። እኔም አምኜ ጻፍኩ፤ አርባ ዓመት ያመንኩትን ሰው ዛሬ ለምን እጠረጥራለሁ?

ሦስተኛውና አራተኛውም በዚሁ ዓይነት አለፉ። አምስተኛው «ባልዲ» ነበር። ሰማያዊ ቀሚስ ከነጭ ኮሌታ ጋር የለበሰች አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ግቢያቸው ውስጥ ጉድጓድ አለ። ባልዲው መጀመሪያ ውሃ ይዞ ወጣ። ቀጥሎ አንድ እግር ጫማ ይዞ ወጣ። ከዚያ የሌላ ልጅ ቀሚስ። እኔ ቀሚሱ ላይ ስደርስ ጨፍኜ ነበር፤ እታለም ግን ቻይ ሰው አይደለችም፣ ልጅ ያለበት ነገር ደግሞ አይሆንላትም።

«አንቺ ልጅ! ከዚያ ራቂ!» ብላ ጮኸች። «ሰው የለሽም እንዴ? አባትየው፣ ምን ይገትርሃል እዚያ? ልጅህን ያዛት እንጂ!»

ወንበሮች ተንቋቁ። አሥራ አምስት ጋዜጠኞች ዞሩ። የእጅ ባትሪ ብርሃን በመደዳው መጥቶ ፊቴ ላይ ቆመ። ከብርሃኑ ጀርባ የፌስቲቫሉ ኃላፊ ነበር፣ በሙቀትም በብርድም ሻርፕ የማይለየው ትሁት ሰው።

«ይቅርታ» አለኝ ዝግ ብሎ። «እኚህ ሴት ከእርስዎ ጋር ናቸው?»

እጇ ክንዴ ላይ ነበር። ከክንዴ ላይ እጇን ስታነሣ ተሰማኝ። አሥራ አምስቱም ያዩኝ ነበር።

«አይ» አልኩ። «አላውቃቸውም።»

እህቴን አንቱ ስላት ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ ጊዜ በአክብሮት የምንለውን ነገር እኔ ለመሸሻ ተጠቀምኩበት። እታለም ቦርሳዋን ሰበሰበች፣ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው እዚህ የተቀመጥኩት» አለችና ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደች። ካርዱን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ስትከትም አየሁ፤ «ረዳት» የሚለው እንዳይታይብኝ ነው። የቀረውን አርባ ደቂቃ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ብቻዬን ጨረስኩት።

አውቶቡስ ላይ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ እሷ በመስኮት ታያለች። ሁለት ፌርማታ አለፍን።

«መጨረሻውን አላየኸውም አይደል?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«ወጣች። አባትየው ገመዱን ሳበው፣ ሳበው፣ ወጣች። ቀሚሷ ረጥቦ ነበር እንጂ ደህና ናት። በፎጣ ጠቀለላት።» ወደ መስኮቱ ዞር አለችና «ኮሌታው ግን በእጅ የተሰፋ ነው» አለች።

ይቅርታ የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ተመለሰች። ደፋር ሰው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይላት ነበር። እኔ ማስታወሻዬን አውጥቼ «ፎጣ» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ዕለት ጽሑፉ ወጣ። «ሊታዩ የሚገባቸው አምስት የጨለማ ፊልሞች» ይላል። ስለ «ትርፍ በር» «የጠፋ ነገር የማግኘት ደስታን የሚያሳይ» ብያለሁ። ስለ «ዝምተኛው ተሳፋሪ» «ስለ ጓደኝነት የተሠራ ልብ የሚያሞቅ ሥራ» ብያለሁ። «ባልዲ»ን ደግሞ «ፍርሃቱ መጨረሻ ላይ በፎጣ የሚጠቀለል፣ አዛውንት ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትገቡበት» ብዬ በድፍረት መከርኩ። አንድ አንባቢ በዚያው ቀን ደውሎ «የአልባሳቱን ዝርዝር እንደ እርስዎ የሚያይ ሃያሲ የለም» ብሎኝ ነበር። ተኮፈስኩ።

ሰኞ ጠዋት አዘጋጁ ጠራኝ። ሰላም አላለኝም።

«ልጅቷ ወጣች?» አለኝ።

«የቷ ልጅ?»

«የባልዲዋ!»

«ወጣች እንጂ። አባትየው ፎጣ...»

«አልወጣችም!» እስክሪብቶው ከጆሮው ወደቀ። «የወጣው ባልዲው ነው፣ ባዶውን! አንተን አምኜ አማቴን ይዤ ገባሁ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው! ከቅዳሜ ጀምሮ ቧንቧ በተንጠባጠበ ቁጥር ይነሣሉ። ቤት ያለውን ባልዲ ሁሉ ለጎረቤት ሰጥተውብኛል። ወለል በምን እንደምንወለውል እንኳ አላውቅም!»

«እንግዲህ የአተያይ ጉዳይ...»

«ምን አተያይ አለው? ፎጣ የሚባል ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የለም!» ከጠረጴዛው ላይ አንድ ደብዳቤ አንሥቶ አነበበልኝ። ጸሐፊው የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። «ሹፌሩና ተሳፋሪው ጓደኛ የሚሆኑበትን ክፍል ስጠብቅ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ጓደኝነት ለጠላቴም አልመኝለትም» ይላል። አዘጋጁ ደብዳቤውን አጠፈና «ፊልሞቹን አይተሃቸዋል ወይስ አላየሃቸውም?» አለኝ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ረዳቴ ናት ያሳሳተችኝ» አልኩት።

እሱም ፊቱ ፈታ አለ፤ ጥፋተኛ ሲገኝ አለቃ ሁሉ ፊቱ ይፈታል። «እንዲያ በለኝ» አለ። «በል ነገ መጨረሻው ዕለት ነው፣ ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ይታያል። ገብተህ በገዛ ዓይንህ እይና ማረሚያ ጻፍ። ረዳታችን በሰጠችን የተሳሳተ መረጃ ብለህ ጀምር። ካርዷንም ተቀብለህ አምጣልኝ።»

አሁን ምርጫው እንዲህ ነበር። እሱ ያለኝን ከጻፍኩ አሥራ አንድ ዓመት የገነባሁት ስም ይተርፋል፣ እታለም ደግሞ በራሷ ጋዜጣ ላይ፣ እጅጌ በምትቆርጥበት ጋዜጣ ላይ፣ ውሸታም ተብላ ትወጣለች። እውነቱን ከጻፍኩ ዓይኑን ጨፍኖ ፊልም የሚተች ሰው መሆኔን አገር ያውቃል፣ አምዱም ያበቃለታል። ይህን ለመወሰን አንድ ደቂቃ እንኳ መፍጀት አልነበረብኝም። እኔ ግን ከቢሮዬ እስከ ሱቋ ድረስ ስወስን መጣሁ፤ ሳልወስንም ደረስኩ።

ካርዱ መስታወቱ ጥግ ላይ፣ ስንጥቁን ሸፍኖ ተሰቅሏል። እሷ የአንድ ወፍራም ሰው ሱሪ ታሰፋለች።

«እታለም» አልኳት፣ «ልጅቷ አልወጣችም አሉ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «ማን አለ?»

«ያየ ሁሉ።»

«እንግዲህ እነሱ ያዩትን እነሱ ያውቃሉ» አለችና ጨርቁን አቃናች። ከዚያ ቀና ሳትል «ሱሪ ሲረዝምብህ አላሳጥርልህም?» አለችኝ።

ካርዱን አምጪ አላልኳትም። «ነገ ስምንት ሰዓት አብረን እንግባ» አልኳት በምትኩ።

«ኋላ ደግሞ አላውቃቸውም ብትልስ?»

ጥርሷ መካከል ክር ይዛ ስለነበር ትሳቅ ትቆጣ አልለየሁም። አፈርኩ። ውሃ ሆንኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጥግ የሌላት ክፍል ውስጥ የምደበቅበት ጥግ ፈለግሁ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቷል። ወንበራችን መሐል ላይ ነበር። ባለሻርፑ ኃላፊ የእጅ ባትሪውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ እያየን አሳለፈን። እኔ ዛሬ ዓይኔን አልጨፍንም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ኮሌታ፣ ጉድጓድ። ውሃው ወጣ፣ ጫማው ወጣ። ሙዚቃው ወፈረ። ዓይኔን እንዳፈጠጥኩ ነኝ፤ ነገር ግን መጋረጃውን ደፍሬ ማየት አቃተኝና ወደ እታለም ዞርኩ።

እታለም ዓይኗን ጨፍናለች።

ሳሙና ዓይኑ የገባ ሕፃን እንደሚጨፍነው አድርጋ ነው የጨፈነችው። በሁለት እጇ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ጨምድዳለች። አፏ ግን በዚያ በማውቀው በተረጋጋ ድምፅ ሥራውን ይሠራል። «አሁን ቁጭ አለች። ውሃ እየጠጣች ነው። ደህና ናት።» መጋረጃው ላይ ልጅቷ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሐይቁም፣ ዋናተኛውም፣ የሐር ገበሩም። ልብሱን ሁሉ አንድ ሳትስት የምትነግረኝ ሙዚቃው ሳይወፍር ስላየችው ነው፤ የቀረውን ከራሷ ነው የሰፋችው። አንድም ቀን አላየችም። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ልጅ ነበረች። አንዱ መዳፏ የኔ ዓይን ላይ ሲሆን የራሷን የሚሸፍንላት ሰው አልነበረም። ፈርታለች፣ አርባ ዓመት ሙሉ አብራኝ ፈርታለች፣ እኔ እንዳላውቅባት ብላ ድምፅዋን አቃንታ ኖራለች። እኔም እሷን ነው በአሥራ አምስት ሰው ፊት አላውቅም ያልኩት።

ገመዱ መሳብ ጀመረ። የእንጨቱ ጩኸት አዳራሹን ሞላው። እታለም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ በትንሽ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«እውነት አልወጣችም እንዴ?»

መጋረጃውን አየሁት። ሙሉውን፣ በገዛ ዓይኔ አየሁት። አባትየው ይስባል፤ ባልዲው ወጣ፤ ባዶ ነው። አባትየው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ወጣች!» አልኩ። ድምፄ ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለራሴም ገረመኝ። «ወጣች እታለም! ይኸው እየሳባት ነው! ጎበዝ፣ አባትየው፣ ያዛት! ፎጣ ይዟል፣ ትልቅ ፎጣ ነው!»

«እሽሽሽ!» አለ አዳራሹ በአንድ አፍ። አንድ ሰው ከፊት «ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ?» አለ። የእጅ ባትሪው በመደዳው መጣ። አሁን ግን ብርሃኑ እታለም ላይ ነው የቆመው።

«ይቅርታ» አላት ባለሻርፑ። «እኚህ ሰውዬ ከእርስዎ ጋር ናቸው?»

ዓይኗን ገለጠች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ስለነበር መጋረጃውን አላየችም።

«አዎ» አለች። «የኔ ነው። ወንድሜ ነው። ትንሽ ይፈራል፤ አይቆጡት።»

ወደ መጨረሻው ወንበር ሂዱ ተባልን። አብረን ሄድን።

አውቶቡስ ላይ ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ እንደገና መጣች። በዚህ ጊዜ አልመለስኳትም።

«እታለም፣ ያን ዕለት... አላውቃቸውም ያልኩ ዕለት... ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«መች ነው እሱ?»

«ባለሻርፑ ሲጠይቀኝ።»

«እኔ አልሰማሁም» አለችኝ። «ከኋላ ነበርኩ።»

ከኋላ አልነበረችም። እጇ ክንዴ ላይ ነበር። ያንንም አሳጠረችልኝ።

እንግዲህ ማረሚያ ጻፍ ተብያለሁና ይኸው። ባለፈው ሐሙስ በዚህ አምድ ላይ ስለ አምስት የጨለማ ፊልሞች የተጻፈው ከስማቸውና ከልብሳቸው በቀር ስህተት ነው። ካፖርት የለም። ሹፌሩና ተሳፋሪው ጓደኛ አይደሉም። ልጅቷም ከጉድጓዱ አልወጣችም። ስህተቱ የረዳቴ ሳይሆን የኔ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጻፍኩ። የአዘጋጁን አማች በግንባሬ ተደፍቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አዲስ ባልዲም ገዝቼላቸዋለሁ፣ አልቀበልም ብለዋል። አምዱ ከዚህ በኋላ ይኑር አይኑር አዘጋጁ ገና አልነገረኝም። ካርዱን ግን አልመለስኩለትም፤ የመስታወቱን ስንጥቅ እንደሸፈነ ነው።

አዘጋጁን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ይህ ጽሑፍ ከገጹ ታችኛው ጥግ ላይ እንዲወጣ፣ እታለም ብብት በምትቆርጥበት በኩል። እንደማውቃት ከሆነ ሳታነበው መቀስ ይገባበታል። እናንተ ግን አንብባችሁታል። ሱሪ ረዝሞባችሁ፣ ዚፕ እምቢ ብሏችሁ ወደ ሱቋ ጎራ ካላችሁና፣ ወሬ ለማንሣት ያህል ስለዚያች ባለ ነጭ ኮሌታ ልጅ ከጠየቀቻችሁ፣ እባካችሁ ወጥታለች በሏት።